ለያለምወርቅ የጠበቡ ጫማዎች

የሽታዬ እጅ ሥራ ፈቶ አያውቅም። ኮሶበር ላይ፣ ከመኪና መንገዱ ዳር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ሰፌድና ሌማት እየሰፋች ለገበያ ታወጣለች። ስፌቷን ያየ ሁሉ "እጅሽን ይባርከው" ይላታል። እጇስ ተባርኳል፤ ዕድሏ ነው እምቢ ያላት። ባሏ ደርበው ፈቷት ዳንግላ ላይ ሌላ ሲያገባ ልጃቸው ያለምወርቅ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ሕፃኗ አባቷ ዘንድ ትደግ ተባለና ከአያቷ ከወይዘሮ ካሳነሽ ቤት ቀረች። ሽታዬ ለማን አቤት ትበል? ነገሩን የዳኙት ሽማግሌዎች ሁሉ የደርበው ዘመዶች ነበሩ።

ዳንግላ ሩቅ አገር ሆኖ አይደለም። ልጇን ለማየት ስትሄድ ወይዘሮ ካሳነሽ "ልጅቱን አታስለቅሽብኝ" እያሉ ከደጅ ይመልሷታል። መመለሱ ሲያንገሸግሻት መሄዱን ተወችው።

ደርበው በሌላ በሌላው ቢታማም ለልጁ ጫማ አይነፍግም። በየዓመቱ ለፋሲካ አዲስ ይገዛላታል፤ ስንቱ ልጅ በባዶ እግሩ በሚሄድበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሽታዬ ይህን ስትሰማ በጭነት መኪና ረዳት በኩል መልእክት ላከች። "የጠበባትን አትጣሉት፤ እዚህ ለጎረቤት ልጅ እሰጠዋለሁ" አለች። ውሸቷን ነው። ለጎረቤት ልጅ ልትሰጠው ቀርቶ ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ጫማው ሲደርሳት መጀመሪያ እጇን ወደ ውስጥ ሰዳ የትንንሾቹን ጣቶች ምልክት ትዳስሳለች። የልጇን ማደግ የምታውቀው በዚያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሥራ ትጀምራለች። ጫማውን አጥባ፣ ደረቅ ሣር ጠቅጥቃ ቅርጹን ታስይዘዋለች። አፉን ዙሪያውን በወስፌ ትበሳና ሌማት በምትሰፋበት ቀይና አረንጓዴ አለላ ትዘመዝመዋለች። አፍንጫው ላይ ዛጎል፣ ውስጡ ደግሞ የገብስ ዛላ። ባለ ዘለበቱ ቡናማ፣ ሰማያዊው ሸራ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ሁሉም በየተራው ግድግዳው ላይ ካለው ኩላብ ላይ ተሰቀለ። ስትሰፋ ጫማዎቹን በአፍ መፍቻዋ በአገውኛ ታወራቸዋለች። ያለምወርቅ በአያቷ ቤት በአማርኛ አድጋ ከዚያ ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ እንደማታውቅ ግን ልቧ ያውቀዋል።

ጎረቤቷ የሻረግ "አበስኩ ገበርኩ! ጫማ እግር ላይ ነው እንጂ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?" እያለች ትስቅባት ነበር። ውሎ አድሮ ግን እሷም እንግዳ ሲመጣባት ይዛ እየመጣች ታሳየው ጀመር።

ያለምወርቅ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ የወይዘሮ ካሳነሽ ዓይን ደከመ። የደርበው አዲሷ ሚስት ደግሞ የእንጀራ ልጅ ማሳደጉ አልሆነላትም። ቢቸግራቸው "የእናቷ ቤት የሚረባ ከሆነ ትውሰዳት" አሉ፤ ቤቱን አይተው እንዲመጡም የደርበውን አጎት ግራዝማች ቢሻውን ላኩ።

ሽታዬ ይህን ስትሰማ እግሯ መሬት አልነካ አለ። ቤቱን ለቀለቀች፣ ግድግዳውን በነጭ አፈር ቀባች። ነጩ ላይ ግን የአለላው ቀለም አልደምቅ አላት። ስለዚህ ከየሻረግ ጥቁር ጨርቅ ተውሳ ግድግዳው ላይ ወጠረችና ጫማዎቹን በላዩ ደረደረቻቸው። አሁን ቀዩም አረንጓዴውም ፍንትው አለ። ልቅሶ ላይ የሟች ልብስና ጫማ እንደሚወጣ፣ አልቃሽ እሱን እያነሳች ሙሾ እንደምታወርድ እሷም ታውቃለች፤ ስንቱን ቀብራ ያለቀሰች ሴት ናት። ግን ልጇ ልትመጣላት ነው፤ በዚያ ደስታ መሀል ልቅሶ ከየት ትዝ ይበላት?

ግራዝማች ቢሻው በሩን ጎንበስ ብለው ገቡ። ቀና ሲሉ ጥቁሩን ጨርቅ አዩና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ማን ሞተብሽ?" አሉ በሐዘን።

"ማንም አልሞተብኝ ግራዝማች። የያለምወርቅ ጫማ ነው፤ የጠበባት። ለቤቱ ጌጥ ብዬ ነው። ይቀመጡ እንጂ፣ ጠላ ላቅርብልዎ።"

ግራዝማች አልተቀመጡም።

"ልጅቱ በሕይወት እያለች ጫማዋን ጥቁር ላይ ሰቀልሽው? ይህ ሟርት ነው እንጂ ምን ጌጥ አለው! ለጎረቤት ልጅ ብለሽ ያስላክሽው ለዚህ ኖሯል?"

"ቀለሙ እንዲታይ ብዬ ነው እኮ ግራዝማች! ይኸው፣ አወርደዋለሁ!"

ጨርቁን ከነጫማው ጎትታ አወረደችው። ጫማዎቹ ወለሉ ላይ ወደቁ፣ የገብሱም ዛላ ተበተነ። ሽማግሌው ሲያዩት የባሰ ሟርት መሰላቸው፤ አማትበው ወጡ። ሽታዬ እስከ መንገዱ ድረስ እግራቸው ላይ እየወደቀች ለመነቻቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ሰድቦ መገላገል ይቻል ነበር፤ ግን እሳቸው ለልጅቱ ከልባቸው ፈርተው ነው የሄዱት።

ወይዘሮ ካሳነሽም ነገሩን ሲሰሙ "በቁሟ ያለቀሰችባት ሴት ደጄን እንዳትረግጥ" አሉ። ያለምወርቅን ሟርቱ እንዲለቃት ብለው ጸበል አስጠመቋት። ለምን እንደሆነም አልደበቋትም፤ "እናትሽ በቁምሽ አለቀሰችብሽ" ብለው ነገሯት።

ክረምቱ ሲወጣ ሽታዬ ዳንግላ ወርዳ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ልጆቹ ሲለቀቁ ያለምወርቅን በአንገቷ አወቀቻት፤ ቀጥ ያለ የአባቷ አንገት ነው። ጠራቻት። ልጅቱ ቆም ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ማን ነዎት?"

"እናትሽ ነኝ። ሽታዬ።"

ያለምወርቅ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"እኔ አልሞትኩም" አለች። "እባክዎ አያልቅሱብኝ።"

ሽታዬ እንባዋን ልትውጠው ሞከረች፤ ግን ቀድሟት ወርዶ ነበር። ልጅቱ እንባውን ስታይ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ሮጠች።