መስመር ያልደረሳት ክፍል

እጄ የነካው ማሽን ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ የሠራሁበት ጉራ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸውን እየፈታሁ፣ ሲይዘኝ እየወደቅኩ፣ እንግሊዝኛውን ከማሽን መመሪያ ላይ ፊደል በፊደል እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ኤምሬትስ ውስጥ፣ አል ዐይን ከተማ፣ አል ጂሚ ሰፈር በምንኖርበት ቪላ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ሁለት ቀን ፈልገው ያጡትን ብልሽት እኔ አግኝቼ ምሳዬን በሰዓቱ በልቻለሁ።

ስለዚህ ኮሮና በገባበት ዓመት አሠሪዬ፣ ካፊሌ፣ ከአቡ ዳቢ ደውሎ፣ «ሸይባ፣ የስዌይሃኑን ቤት በፀሐይ ልታበራልኝ ትችላለህ?» ሲለኝ አልደነቀኝም። ሸይባ ማለት ሽማግሌ ነው፤ በፍቅር ነው የሚለኝ። እሱ የሚኖረው አል ሪም ደሴት ፎቅ ላይ ነው። እናቱ፣ እኛ ማማ የምንላቸው፣ አል ጂሚ ከእኛ ጋር ነበሩ። በሽታው በአዛውንት ይበረታል ሲባል ሰው ከሚበዛበት ቪላ ወጥተው ስዌይሃን በረሃ ውስጥ እርሻው ላይ ወደተሠራው አዲስ ቤት እንዲሄዱ ተወሰነ። ቤቱ ቀለሙ ገና ይሸታል። መብራት ግን አልገባለትም፤ መስመር የሚያስገባው ሠራተኛ ሁሉ በኮሮና ቤቱ ተከቷል። ጄኔሬተር ቢመጣላቸው ማማ ጆሮዬን በላው ብለው አስጠፉት።

አብራቸው የምትገባው ባለቤቴ ነበረች። ማማን ስታነሳና ስታስተኛ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል። እሳቸው ከእሷ እጅ ካልሆነ መድኃኒት አይውጡም። ከገቡ በኋላ በሩ ይዘጋል። ምግብ በር ላይ ይቀመጣል እንጂ ማንም አይገባም፤ እሷም አትወጣም።

ዕቅዱን ሦስት ቀን ሠራሁት። የቤቱን ንድፍ በትልቅ ወረቀት ላይ ገለበጥኩና ኃይል የሚበላውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍኩ፤ የማማን የትንፋሽ መሣሪያ፣ ፍሪጁን፣ የውሃውን ፓምፕ፣ አምፖሎቹን። የማማ ክፍል ኤሲና የእንግዳ መቀበያው የመጅሊሱ ትልቅ ኤሲ፣ በድምሩ ሁለት። ቀን ፓኔሉ፣ ማታ ባትሪው ይሸከማቸዋል። ፀሐይ ስለበዛ ኃይል ይበዛል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ፓኔል ሙቀት ሲበዛበት እንደሚደክም እኔ ማንም ሳይነግረኝ በእጄ ለክቼ ነው ያወቅኩት፤ ያንንም አሰብኩበት። ወረቀቱን በስልክ አንስቼ ስልክለት ካፊሌ፣ «ማሻአላህ! ለጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁት» አለኝ። ዕቃው ተገዛ። ሾፌራችን ፈቃድ ይዞ ከአቡ ዳቢ ሲያመጣው ሱቁ ውስጥ የቀሩትን የመጨረሻዎቹን ባትሪዎች ነበር፤ ሌላ የሚጨመር የለም።

ወረቀቱን ለባለቤቴ ያሳየኋት እንድታደንቅልኝ ነው። ግቢው ውስጥ ማስኳን አገጯ ላይ አድርጋ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ጎንበስ አለች። የቤት ንድፍ ማንበብ አልተማረችም፤ ቤት ግን ታውቃለች። ጣቷን ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ አራት ማዕዘን ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የሠራተኛ ክፍል።»

«ማን ነው የሚተኛባት?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት፤ ጣቷን አላነሳችም።

«ወደ ሁሉም ወፍራም መስመር ሄዷል። ወደዚች አልመጣም።»

«አምፖል አላት። ቀጭኗን መስመር አላየሽም?»

«እሰይ! ሲሞቀኝ አምፖል አበራለኋ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጌታው፣ በኮሮና ማን እንግዳ ይመጣል ብለህ ነው ለመጅሊስ ትልቁን ኤሲ የሰጠኸው?»

«ዘዴ አለኝ» አልኳት።

ዘዴ አልነበረኝም። እሷ የደም ግፊት ታማሚ ናት፤ የስዌይሃን ሐምሌ ያለ ኤሲ ብሎኬት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አውቃለሁ። ያመመኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ቤት መስመር ዘርግቻለሁ፤ የሠራተኛ ክፍል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ የተረፈ ካለ ነው የሚሰጠው። እጄ ያንን ለምዶ የሚስቴን ክፍል ሳይጠይቀኝ አለፋት። እኔም ሠራተኛ ነኝ። አለቆቼ ቢረሷት አይገርመኝም ነበር።

ከሾፌሩ ጋር ስዌይሃን ወጥተን ፓኔሎቹን ስንተክል ነገሩን ነገርኩት። የወሎ ሰው ነው፤ ነገር አይከብደውም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል? የመጅሊሱን መስመር ወደሷ ክፍል አዙረው። ኤሲውንም ፈትተን እንስቀልላት። ማን ያያል?»

«የመብራቱ ሣጥን ላይ መጅሊስ ተብሎ ተጽፎ ሌላ ክፍል የሚሄድ መስመር ነገ የሚከፍተውን ሰው ይገድላል። እኔ በድብቅ አልሠራም።»

«እንግዲያው ደውልና ተሳስቻለሁ በለዋ።»

«እኔ?»

ሳቀ። «ኧረ ተወው! ኮሮና ሳይገድልህ ያቺ ቃል ትገድልሃለች።»

እውነቱን ነው። ስልኩን አንስቼ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ደወልኩና ካፊሌ ገና ሰላም ሳይለኝ፣ «ዕቅዱ ላይ ተሳስቻለሁ» አልኩት። ባገለገልኩበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም። ሁሉንም አስረዳሁት፤ መጅሊሱ ባዶ እንደሚከርም፣ ባትሪው ሦስት ኤሲ እንደማይችል፣ ባለቤቴን እንደሚያማት።

«ሸይባ፣ ወንድሞቼ በዒድ ቢመጡ በላብ ላስቀምጣቸው? ነውር ነው።»

«መንገዱ ዝግ ነው፣ ማን ይመጣል?»

«ባይመጡም። ቤት ያለ መጅሊስ ቤት አይባልም። ሚስትህ እናቴ ክፍል ትተኛ፤ ወለሉ ሰፊ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ኸላስ፣ አለቀ።»

እንደታዘዝኩ ሠራሁት። መብራቱ በበራበት ቀን ቤቱ ያለ ጄኔሬተር፣ ያለ ድምፅ ሲቀዘቅዝ ሾፌሩ አጨበጨበ። እኔ ደስ አላለኝም። በሳምንቱ ማማና ባለቤቴ ገቡ፤ በሩም ተዘጋ።

በየቀኑ በስልክ እናወራ ነበር። በመጀመሪያ አላማረረችም። ከዚያ ቆይታ፣ ማማ ሲያስሉ እሷን፣ ሲጠማቸው እሷን፣ ሕልም ሲያዩ እሷን እንደሚጠሩ ነገረችኝ። ድሮ አል ጂሚ ማታ ማታ ወደኛ ክፍል ትመጣና በሩን ትዘጋ ነበር። አሁን የምትዘጋው በር የላትም። ሰኔ ሲጋመስ፣ «ከምሳ በኋላ የኔ ክፍል ገብቼ ሁለት ሰዓት እተኛለሁ» አለችኝ።

«አብደሻል? ምድጃ ነው እኮ!»

«ምድጃም ይሁን። በር አለው።»

አላስችል አለኝ። ከወደቀ መኪና የራዲያተር ማራገቢያ ፈታሁ፤ በብረት መያዣ ላይ አሰርኩት። መጋዘን ውስጥ የተጣለች ትንሽ ፓኔል ነበረችኝ፤ ያለ ባትሪ በቀጥታ አገናኘኋት፤ ፀሐይ ስትወጣ ይዞራል፣ ስትጠልቅ ይቆማል። ለቀን እንቅልፍ ይበቃል። እንዲህ ያለ ነገር ገበያ ላይ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ከሾፌሩ ጋር ምግብ ስናደርስ በሩ ላይ አስቀመጥንላት። መሰላል አቁማ ፓኔሏን ራሷ ጣሪያ ላይ አወጣች፤ እኔ ከአጥር ውጭ ሆኜ «ወደ ደቡብ! ወደ ደቡብ አዙሪያት!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሷ «ደቡብ በየት ነው አንተ፣ አሸዋ እኮ ነው!» ትላለች። ሾፌሩ በሳቅ መኪናው ላይ ተደገፈ።

ገብታ ደወለች። ከጀርባዋ ማራገቢያው እንደ ጭነት መኪና ያጓራል።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«የሚነፍሰው እሳት ነው።»

«ጨርቅ አርጥበሽ ፊቱ ላይ ስቀይበት። ካልሆነ ግን ተይው፣ ማማ ክፍል ሂጂ። እለምንሻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህንንም ቃል ከአፌ ሰምታ አታውቅም። «ጥፋቱ ያንተ ነው» አለች፣ ሳትቆጣ። «ድምፁ ግን ጥሩ ነው። ሲጠሩኝ አያሰማኝም። በል ስልኩን ዝጋው፣ ልተኛ።»

ሾፌሩ እንሂድ አለኝ፤ አልሄድኩም። ከመኪናው ውስጥ ሆኜ ከአጥሩ ባሻገር የክፍሏን በር አየሁ። ብትተኛም፣ ራሷን ብትስትም ከውጭ ያው ነው፤ በሩ ዝግ ነው። ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም። እንደገና ደወልኩ። የመኪናውን በር ከፍቼ አንድ እግሬን አሸዋው ላይ ሳሳርፍ ስልኩ ተነሳ።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰው!» አለች በሻከረ ድምፅ። «ተኝቼ እኮ ነበር!»