ኒሉን የደፋሁበት ወንዝ

ጎባ ስገባ ከተማ የሚባል ነገር አልነበረም። ኮረብታው ላይ የጦሩ ሰፈር፣ ከሥሩ ጥቂት ጎጆ፣ ከዚያ ወዲያ ብርድና ጭጋግ ብቻ። ባለቤቴ ከሸዋ ከዘመተው ጦር ጋር መጥቶ፣ አገሩ ከተያዘ በኋላ መሬት ተመርቶለት ነበር። እኔ ዘግይቼ በበቅሎ ተከተልኩት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የአገሩን ቋንቋ አላውቅም፤ ሰዎቹ ሲያዩን ለምን ዝም እንደሚሉም አይገባኝም ነበር።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ ከጊኒር የመጡ እስላም ሴት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ጨው ይነግዳል፤ እሳቸው ክር ይነክራሉ። ነጋዴዎች ኒል የሚሉትን ሰማያዊ ቀለም ከቆላ ያስመጣሉ፤ እንደ ኩበት የደረቀ ነው። ፈጭተው፣ ከአመድ ውኃ ጋር ትልቅ ጋን ውስጥ ያብላሉታል። ለልጆች ማተብ የሚሆን ክር ይዘን የመጣነው ስላለቀ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እሳቸው ዘንድ እናስነክር ነበር። የአገሩ ልጆች እንደሚጠሯቸው እኔም አዮ እላቸዋለሁ፤ እናቴ ማለት ነው።

መጀመሪያ ክሬን ከጋኑ ሲያወጡት አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«አዮ፣ እኔ የፈለግሁት ሰማያዊ ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ኤጊ» አሉኝ፤ ቆይ ጠብቂ ማለታቸው ነው። ክሩን ገመድ ላይ ዘረጉት። ዓይኔ እያየ አረንጓዴው ጠቆር፣ ጠቆር እያለ ሄዶ ሰማያዊ ሆነ።

«ማነው የቀየረው?»

«ነፋሱ ነዋ።»

«ነፋስ ደግሞ ምን ቀለም አለው?» ብላቸው ሳቁብኝ። ከዚያን ቀን በኋላ ሥራ ስፈታ እሳቸው ዘንድ መዋል ጀመርኩ።

የዚያራው ጊዜ ሲደርስ አዮና ባላቸው የሼክ ሁሴንን መቃብር ሊሳለሙ ተነሡ። ጋኑን ለኔ አደራ ሰጡኝ። «በየሦስት ቀኑ አንድ እፍኝ የገብስ ዱቄት ጨምሪበት፤ ቀስ አድርገሽ አማስዪና ክደኚው። ሌላ ምንም አታድርጊ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ግን በሁለተኛው ሳምንት ክዳኑን ሳነሳ ላዩ ላይ የነበረው ሰማያዊ አረፋ የለም። ውስጡ ቢጫ ሆኗል፤ ሽታው አያስቀርብም። ዱቄቱ በዝቶበት ይሁን አንሶት፣ ብቻ አበላሽቼዋለሁ አልኩ። ምክር የምጠይቀው ሰው የለም። ግራ ሲገባኝ፣ ጋኑን አጥቤ ንጹሕ አድርጌ ልጠብቃቸውና ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ወሰንኩ። በእንስራ እየቀዳሁ፣ እየተመላለስኩ ከቤታችን በታች በሚያልፈው ወንዝ ውስጥ ደፋሁት።

ቢጫውን ነበር የደፋሁት። ውኃው ሲነካው ግን እግሬ ሥር ሰማያዊ ሆነ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ወንዙ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ሄደ። እንስራውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጥሩውን ነው የደፋሁት? ወይስ የተበላሸ ነገርም እንዲህ ይሆናል? ቤቴ ገብቼ ለማንም ሳልናገር ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ከወንዙ በታች የሚኖር ጎረቤታችን መጣ። መሬቱ ድሮ የራሱ ነበር፤ ያን ጊዜ ለኛ የሚገብር ሆኗል። ደጃፍ ላይ ቆሞ ከብቶቹ ወንዙን እያሸተቱ እንደሚመለሱ፣ አንዲት ጥጃም ጠጥታ እንደሞተች ለባለቤቴ ነገረው። ባለቤቴ ነገሩን ለጓደኞቹ አወራ። እነሱም ወዲያው «ያቺ ነካሪ ናት። ውኃውን መርዛው ነው የሄደችው» አሉ። አዮ አገር ውስጥ እንኳ አልነበሩም እኮ! ሰዎቹ እንዴት እንደዚያ እንዳሰቡ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

አዮ በተመለሱ ዕለት ከበቅሏቸው ሳይወርዱ የባለቤቴ ጓደኞች ከበቧቸው። አንደኛው ልጓሙን ይዞ «ዕቃሽን ይዘሽ ከዚህ አገር ውጪ» አላቸው። እሳቸው ወደ ጋኑ ቤት፣ ከዚያ ወደኔ አዩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጋኑን እኔ ነኝ የደፋሁት። እሳቸው አያውቁም።»

ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። ልጓሙን የያዘው ሰው ለቀቀ። ጎረቤታችንም እዚያው ቆሞ ነበርና፣ በሚያውቃት ጥቂት አማርኛ «ጥጃዋ ድሮም ታማ ነበር» አለ። ሲናገር የሚያየው ባለቤቴን ነው። ከሦስት ቀን በፊት በር ላይ ቆሞ ያወራው ሌላ ነበር። የቱን ልመን?

አዮ ባዶውን ጋን አጎንብሰው አሸተቱ። «ምን ዓይነት ነበር ስትደፊው?»

«ቢጫ። ይሸት ነበር። ተበላሽቶ...»

«ያኔ ነው የደረሰው» አሉኝ። «ይሄ ጋን ተደፍቶ አያውቅም። እንደ ልጅ ይመገባል እንጂ አይደፋም። ከእናቴ ጋን የተቀዳ ነበር።» አልጮኹብኝም። ጊኒር ሳሉ ዝቃጩን እንኳ ከውኃ ርቀው ጉድጓድ ቆፍረው እንደሚቀብሩት ነገሩኝ። «ታዲያ ጥጃ ይገድላል?» ብላቸው «አላውቅም። ወንዝ ውስጥ የደፋ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ።

ከወር በኋላ አዮና ባላቸው ወደ ጊኒር ተመለሱ። ባለቤቴ ለጎረቤታችን አንዲት ጊደር ሰጠው፤ ሰውየው እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ጥጃዋ ድሮም ታማ ከነበረች ለምን ተቀበለ? እምቢ ማለትስ ይችል ነበር?

ዓመት አልፎ ኦሮምኛ እየለመድኩ ስሄድ፣ የጎረቤታችንን ሚስት መንገድ ላይ አገኘኋት። ወንዙ ደጃፏ ሆኖ ሳለ ከላይኛው ምንጭ ልትቀዳ ዳገቱን ትወጣለች።

«ያቺ ጥጃ እውነት ታማ ነበር?» አልኳት።

«ባሌ ምን አለ?»

«ታማ ነበር አለ።»

«እንግዲያው ታማ ነበር» አለችና እንስራዋን አስተካክላ ዳገቱን ቀጠለች።