የታይ አከራዬን ያጎረስኩ ዕለት

ላስ ቬጋስ ስገባ ያረፍኩት ኢንስፒራዳ የሚባል ሰፈር፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ቤቱ አዲስ፣ ምንጣፉ ነጭ፣ እኔ የምተኛበት ሶፋም ነጭ ነበር። የአክስቴ ልጅ ባል ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የቤቱን አየር ማቀዝቀዣ እንደ ልጁ ነው የሚጠብቀው። እኔ አንዲት ዲግሪ ከነካሁ ሥራ ቦታው ሆኖ በስልኩ ያያል። ወዲያው ይደውልና “ማነው የነካው?” ይለኛል፤ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው እንደሌለ እያወቀ። ደሴ እያለሁ በቁጣዬ ሰፈር የሚያውቀኝ ሴት፣ እዚያ ቤት በእግር ጣቴ ጫፍ ስራመድ ከረምኩ። ሻይ ስጠጣ እንኳ እንዳይንጠባጠብ አንገቴን አስግጌ ነበር።

ስለዚህ የራሴ በር ያለው ክፍል ሳገኝ በሩን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ዘ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ከክፍሌ እስከ ሥራ አንድ አውቶቡስ ይበቃኛል። ግቢው ያረጀ፣ ኪራዩ ርካሽ፣ ባለ አንድ ፎቅ ነው። መሐሉ ላይ የነበረውን መዋኛ ገንዳ አፈር ሞልተው በሶብላ፣ ሚጥሚጣና ጠጅ ሣር ተክለውበታል። ተከራዩ ሁሉ ታይ ነው፤ ምግብ አብሳዩም፣ ካዚኖ ካርታ አዳዩም፣ ማሳጅ ሠራተኛዋም። ድመቶቹም የሚሰሙት ታይኛ ብቻ ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሞክሬያለሁ። ዲቪ የደረሰኝ ለአሜሪካ ነው፤ የኖርኩት ግን ታይላንድ ነው።

የግቢው ባለቤት ከእኔ ክፍል ሥር፣ ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ውሉን ያዋዋለችኝ ግን ግሪን ቫሊ የሚባል ሌላ ሰፈር የምትኖር ልጃቸው ናት፤ ጫማዋ የሚንቋቋ፣ ንግግሯ አጭር ሴት። “ለጊዜው ወር በወር ነው። በሚያዝያ አዲስ ዓመታችን ነው፤ ከዚያ በኋላ እናቴ ትወስናለች” አለችኝ። ምን እንደሚወስኑ አልጠየቅኩም። የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እማማ ካልወደዱኝ በሚያዝያ ወደ ነጩ ሶፋ እንደምመለስ ነው።

እንዲወዱኝ ቆርጬ ተነሳሁ። እሳቸው ጠዋት በራቸው ላይ ተቀምጠው ያገኙኝና በተሰባበረ እንግሊዝኛ “በላሽ?” ይሉኛል። እኔም ጥያቄውን የምር ወስጄው ነበር። “አዎ፣ ሻይ በዳቦ በላሁ፤ ትናንት ግን ሆዴን ነፋኝና እራት ትቼ…” እያልኩ ቆሜ እዘረዝራለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን እያርገበገቡ ያዳምጣሉ። በኋላ ስሰማ ለካ ሰላምታቸው ነው። እንዴት አደርሽ ላለኝ ሰው ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደተገላበጥኩ ስነግረው መክረሜ ነው።

አንድ ቀን ከሺፍት መልስ ጫማዬን ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ በሁለት እጃቸው ሰሃን ይዘዋል። ሩዝ ላይ የተጋደመ፣ ወዙ የሚያብረቀርቅ ሥጋ ነው። ሻርፔን በዓይናቸው አመለከቱና ክርናቸውን እንደ ክንፍ አራገቡልኝ። ዶሮ ነው፣ አሳማ አይደለም፣ አትፍሪ ማለታቸው ነው፤ ክንዳቸው ላይ ያንጠለጠሉት ፌስታልም የሐላል ሱቅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ ምራቄን ዋጥኩ። ከዚያም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ “አይ አይ፣ ጠግቤያለሁ፣ አልሃምዱሊላህ” አልኳቸው።

ደሴ ቢሆን የዚህ ትርጉሙ ለሕፃንም ግልጽ ነው። ጠግቤያለሁ ማለት ለምኑኝ ማለት ነው። የቤቱ እመቤት “በሞቴ” ትላለች፤ እኔ “ወላሂ አልችልም” እላለሁ፤ እሷ ትቆጣለች፤ እኔ ተገድጄ እንደምበላ መስዬ ሰሃኑን ጠርጌ እነሳለሁ። እማማ ግን ፈገግ አሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሰሃኑን ይዘው ደረጃውን ወረዱ። ዶሮውን በዓይኔ ሸኘሁት። ይመለሳሉ ብዬ በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ፤ በበሩ ቀዳዳም አየሁ። የሚመለስ የለም። ያን ማታ ብስኩት በንዴት በላሁ። አንዴ ብቻ ጠይቆ የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ንዴቴ ሲበርድ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። እማማ ደንቡን ስላላወቁ ነው፤ ላሳያቸው አልኩ። በዕረፍት ቀኔ ከሐላል ሱቅ ሥጋ፣ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ገዝቼ ቆንጆ ጥብስ ሠራሁና ወረድኩ። ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ ገባሁ። እማማ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ትሪውን ስዘረጋ ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ፣ እየሳቁ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ “ኖ፣ ኖ” አሉኝ።

“አሃ!” አልኩ በልቤ። “እኚህስ ደንቡን ያውቃሉ!”

ደስ አለኝ። እንግዲህ የእኔ ተራ ነው። “በሞቴ!” አልኳቸው በአማርኛ። “ኖ፣ ኖ” አሉ። “አፈር ስሆን!” አልኳቸው። አሁንም “ኖ” አሉና ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። ይሄን ጊዜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ጠቀለልኩ። የእኔ ጉርሻ ትልቅ ነው፤ ሰርግ ላይ ሙሽራ ያስለቀሰ ነው። እማማ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ ግራ እጄን ከሥር ደግፌ አስገባሁላቸው።

ልጃቸው በር ላይ የደረሰችው ያኔ ነው። የያዘችውን ፌስታል ለቀቀችው።

“እናቴን ምን እያደረግሻት ነው?”

እናቷ መልስ እንዳይሰጡ አፋቸው ሙሉ ነው። ሁለቱም ጉንጮቻቸው ተወጥረዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም ደንግጬ “ይሄ ፍቅር ነው!” አልኩ በእንግሊዝኛ። አነጋገሬ ጉዳዩን አባሰው። ልጅቷ እኔንና ወዝ የነካ ጣቴን በየተራ አየች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ “ስለ ክፍሉ ከአዲስ ዓመታችን በኋላ ይነገርሻል” አለችኝ። ትሪዬን ታቅፌ ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ ነጩ ሶፋ ዓይኔ ላይ መጣ።

ሥራ ቦታ፣ ሆቴሉ በር ላይ የእንግዶችን መኪና የሚያቆም የአዲስ አበባ ልጅ አለ። ምክር ስፈልግ እሱ ጋ ነው የምሄደው፤ ምክሩ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን እሱ ስለማይቸኩል ነው። በእረፍት ሰዓት ሁሉን ነገርኩት።

“ቆይ ቆይ፣ ሪላክስ አድርጊ” አለኝ። “ዋጡት ወይስ ተፉት?”

“ዋጡት መሰለኝ።”

“ቼክ አላደረግሽም?”

“አፋቸውን ከፍቼ ልይ እንዴ!”

“ከዋጡት ኬዙ ተዘግቷል። ለመሆኑ ስንቴ አጎረስሻቸው?”

“አንዴ።”

ፊቱ ተለወጠ። “ሁለተኛውን ሳትሰጪ ተነሳሽ?”

“ልጅቷ በር ላይ ቆማ እያየችኝ?”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አንድ ጉርሻ እኮ ያጣላል!” ብሎኝ የመጣ መኪና ፓርክ ሊያደርግ ሮጠ። ስሄድ ከነበረኝ ጭንቀት ሌላ አንድ ጭንቀት ተጨምሮልኝ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ እማማ ሲያገኙኝ አፋቸውን በእጃቸው መሸፈን ጀመሩ። ደረጃውን ስወርድ ያዩኝና ወዲያው እጃቸው ወደ አፋቸው ይሄዳል። አብረዋቸው የሚቀመጡ ጎረቤቶችም እኔን አይተው ይንሾካሾካሉ። ድንገት እንዳላጎርሳቸው እየተጠነቀቁ ነው ብዬ ደመደምኩ። በጣም አፈርኩ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በር አጠገብ አቆምኩት።

አዲስ ዓመታቸው ደረሰ። ሶንግክራን ይሉታል፤ የውሃ በዓል ነው። ጠዋት በሬን ስከፍት አንዱ ሕፃን በፕላስቲክ ሽጉጥ ፊቴን በውሃ ሞላው። ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል፣ እማማ መሐል ላይ ናቸው። ታናናሾቹ ተራ በተራ እየተንበረከኩ አበባ ከተበተነበት ውሃ በትንሽ ሳህን እየቀዱ እጃቸው ላይ ያፈሱላቸዋል። ሳየው ልቤ ሞቀ። ይሄንን አውቀዋለሁ! እኛም ቤት ምግብ ከመቅረቡ በፊት ታላላቆችን እጅ የሚያስታጥበው ታናሽ ነው። ለምሳ ሊቀመጡ ነው ማለት ነው።

ግን ምን ዓይነት አስተጣጠብ ነው? ሳሙና የለም። ፎጣ የለም። ጣታቸውን ጠብ ጠብ እያደረጉ ያልፋሉ። እኔ ደግሞ የምተዳደረው በማጽዳት ነው። ወደ ክፍሌ ሮጬ አዲስ ሳሙናና ንጹህ ፎጣ ይዤ ተመለስኩ፤ ተራዬን ጠብቄ እማማ ፊት ተንበረከክኩ።

ውሃውን አፈሰስኩ፤ ሳሙናውን አረፋ አስወጣሁ። መዳፋቸውን አሸሁ፣ በየጣቶቻቸው መሐል ገባሁ፣ ጥፍራቸውን ተራ በተራ አጠራሁ፣ እስከ ክርናቸው ወጣሁ። ቀና ስል ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየኛል፤ ልጃቸው ግንባሯን ይዛለች። ምንም ቢሆን በአረፋ ልተዋቸው አልችልም፤ አለቅልቄ በፎጣው አደረቅኩላቸው። ያኔ ከጎናቸው የተቀመጡ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ዝም ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። እሳቸውን ስጨርስ ቀጥለው ያሉት ሴትዮ ቀለበቶቻቸውን ያወልቁ ጀመር። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

እማማ ግን አልሳቁም። ጠሩኝና እርጥብ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በታይኛ ረጅም ነገር ጀመሩ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ምርቃት ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ዜማው ይታወቀኛል፣ የወሎ ልጅ ነኝ። መዳፌን ዘርግቼ “አሚን!” አልኩ። ቀጠሉ፤ “አሚን!” አልኩ ጮክ ብዬ። ቆይተው ባለ ሽጉጦቹ ሕፃናትም “አሚን!” እያሉ ይቀበሉኝ ጀመር። እኔ በሆዴ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ረቢ፣ ክፍሌን።

ሲያበቁ ልጃቸው በክንዴ ይዛ ወደ ጠጅ ሣሩ ወሰደችኝ።

“እናቴ ምን ብላ እንደመረቀችሽ ልንገርሽ?”

“ምርቃቱ ይቆየኝ፤ የክፍሉን ንገሪኝ” አልኳት። ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

ወደ እናቷ ተመለከተች። “ግቢውን ሸጬ እናቴን ግሪን ቫሊ፣ እኔ ጋ ልወስዳት ነበር። ክፍል አሰናድቼላታለሁ። አዲስ ዓመት ድረስ ጠብቂኝ፣ እዚህ የሚያስበኝ ሰው ካጣሁ እመጣለሁ ብላኝ ነበር። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ከግቢው ሄደዋልና እርግጠኛ ነበርኩ።” ከንፈሯን ነከሰች። “አንቺ አጎረስሻት። ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ነው የከረመችው። ‘እናቴ ከሞተች ወዲህ በእጁ ያበላኝ የለም፣ አፌን እንዲህ ነው የሞላችው’ እያለች፣ አፏን ይዛ እየሳቀች። ዛሬ ደግሞ ‘ሰው አለኝ፣ የትም አልሄድም’ አለችኝ።”

“እና ክፍሉ?”

“ያንቺ ነው! እናቴን ነጠቅሽኝ፣ ክፍሉ ምን ያደርግልኛል?” አለችና እንባዋ መጣ። “ብቻዋን ናት። አንድ ቀን ወድቃ ብትቀር ማን ያውቃል?”

ያን ሁሉ ወር የፈራኋት ሴት ፊቴ ቆማ እንደ ሕፃን ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። እንግሊዝኛዬ ጠፋኝ። “አብሽሪ” አልኳት በራሴ ቋንቋ፤ “አብሽሪ እህቴ።” ከዚያ ቃላት ለቃቅሜ በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት የእናቷን በር እንደማንኳኳ ቃል ገባሁላት። ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

በማግሥቱ ሱብሂን ሰግጄ፣ ወርጄ ላንኳኳ ጫማዬን ሳስር የእኔው በር ተንኳኳ። ስከፍት እማማ ናቸው። በታመመ ጉልበታቸው ደረጃውን ወጥተው እያለከለኩ ነው። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ፣ ክንዴን ጨበጥ አደረጉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁና የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። ነገሩ ግራ ቢገባኝ ለልጃቸው ደወልኩ።

“እኔም ነገርኳት እኮ፤ እሷ ናት ወርዳ የምታንኳኳልሽ ብዬ” አለችኝ። “እንቢ አለች። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‘ልጅቷ እኮ ብቻዋን ናት፣ ወድቃ ብትቀር ማን ያውቃል?’”

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። አውቶቡሱም አመለጠኝ።