ጥሬው ቡና የተለቀመ ዕለት

ከቴፒ ወጣ ብላ ያለችው ቀበሌያችን ፖለቲካዋን የምትሰማው በገበያ ነው። ወረዳው ይከፈል አይከፈል፣ አስተዳዳሪው ከማን ወገን ይሁን የሚለው ክርክር ሲጋጋል ሻጮቹ ገና በጠዋቱ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። በዚያ ሳምንት ገበያው ጭራሽ ሳይቆም ቀረ። «መጤ» የሚሉት ቃልም ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ እኛ አጥር ድረስ መጣ። መጤዎቹ እኛ ነን። አባቴ በወጣትነቱ ከሰሜን መጥቶ፣ ስንቱን ትውልድ አስተምሮ እዚሁ ጡረታ ወጣ። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወለድኩ። አገርሽ የት ነው ብባል ከጓሯችን በቀር የማሳየው የለኝም።

ፈራሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ወደ ሚዛን ከተማ እንሂድ ብዬ አባቴን ብለምነው፣ «ቡናው ደርሶ የት ይኬዳል?» ይለኛል። ግትርነቱ ለጉድ ነው። ይባስ ብሎ ለለቀማ ደቦ ጠራ።

ከተጠሩት ሁሉ የመጣው ጎረቤታችን ብቻ ነበር። የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ፊደል ያስቆጠረውም አባቴ ነው። ሰላም ሲለን ዓይናችንን አላየም። ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ወደ ቡናው ገባ።

ትንሽ ቆይቶ የአባቴ ቁጣ ተሰማ። «አንተ፣ ምን ነካህ? ጥሬውን ሁሉ ታረግፈዋለህ እንዴ?»

እውነቱን ነበር። ቀይ ቀዩ ተለቅሞ ጥሬው እስኪቀላ ለሁለተኛ ዙር ይተዋል፤ ይህን እዚህ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጎረቤታችን ግን ቅርንጫፉን ሙልጭ አድርጎ ያወርደዋል።

«ጋሼ» አለ ቀና ሳይል፣ «ለሁለተኛው ለቀማ እዚህ አይኖሩም። ያለውን ጭነው ይሂዱ።»

«ማን ነው የሚመጣብን?» አልኩት።

«ኑ ከተባሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ እህቴ። ብቀር የኔም ቤት አይተርፍም።»

«መቼ ነው?»

«ነገ ስመጣ እዚህ እንዳላገኛችሁ።»

ልሰድበውም፣ ላመሰግነውም አልቻልኩም፤ ስለፈራሁት ወደ ኋላዬ አፈገፈግኩ። አባቴ አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ያዘለትና፣ ሁለቱ ቀዩንም ጥሬውንም አብረው ማርገፍ ጀመሩ።