የውሰት ስጋጃውና የቤቴ ግብር

ዛሬ ጠዋት ቤቴ ውስጥ የሆነውን ለሰው ሳልናገር ብውል የምፈነዳ መሰለኝ... እስቲ ስሙኝ!

እኔ ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሐረር፣ ኤረር በር ላይ ጨውና በርበሬ እየሸጥኩ የምኖር ሴት ነኝ። ያለኝ ሀብት ጀጎል ውስጥ ያለችው ቤቴ ብቻ ናት። ግድግዳዋ ላይ የነበረውን ጌጥ ሁሉ ባሌ የታመመ ጊዜ ሸጬ ጨርሼዋለሁ።

በቅርቡ ልጄን አሚናን ዳርኩ። በእኛ በሐረሮች ዘንድ ደግሞ ሙሽራ ከባዶ ግድግዳ ሥር ተነስታ አትወጣም። ሰፈሩ ተረባረበልኝ። አንዷ ሰፌድ፣ አንዷ የእንጨት ገበታ፣ አንዷ የሐር ትራስ... ጎረቤቴ ሩቂያ ደግሞ ትልቅ ቀይ ስጋጃ አሸክማ መጣችና መደቡ ላይ አነጠፈችልኝ። «ከአንዲት ወዳጄ ተውሼ ነው። ስሟን አትጠይቂኝ፣ ብቻ አደራ!» አለችኝ።

ቤቴ የአሚር ቤት መሰለ፣ ወላሂ!

የቤት ግብር ገማቾቹ ታዲያ የመጡት ልክ በሠርጉ ቀን ነው። ግድግዳውን አዩ... ስጋጃውን አዩ... እርስ በርስ ተያዩ። «የባለጸጋ ቤት» ብለው ጽፈው ሄዱ። እኔ ሞኟ ቤቴን ያደነቁልኝ መስሎኝ ሐልዋ አቀረብኩላቸው!

ግብሩ ሲነገረኝ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ጨዌን ከነሚዛኑ ብሸጠው አይሞላም። ካልከፈልኩ ደግሞ ቤቷ ትያዛለች። ልጄ ልትጠይቀኝ ብትመጣ እንኳ የምትገባበት በር የላትም ማለት ነው።

«ሴት ብቻዋን ሹም ፊት?» ያሉኝ ነበሩ። ሄድኩ! አቤቱታ የሚሰሙት ባላምባራስ ሸምገል ያሉ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው።

«ጌታዬ፣ ያ ሁሉ ጌጥ ለሠርግ የተዋስኩት ነው» አልኳቸው።

«ግብር ሲመጣ የሁሉም ሰው ዕቃ የውሰት ይሆናል» አሉ።

«እንግዲያው መጥተው ይዩት!»

«አሁንማ ደብቀሽ ባዶ ግድግዳ ልታሳዪኝ!»

ይሄኔ አማርኛው ከአፌ ጠፋ። በእኛ ቋንቋ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ ብቻ አጠገባቸው የቆመው አስተርጓሚ ሊተረጉመው አልደፈረም። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ «ባዶውን አላሳይዎትም። ሞልቶ ነው የማሳይዎት። ያ ሁሉ ዕቃ ከነባለቤቱ ይመጣል!» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና... «መልካም። ቅዳሜ ጠዋት» አሉ።

ይኸው ቅዳሜ ዛሬ ነው። ሴቶቹ ዕቃቸውን በራሳቸው ተሸክመው ግቢዬን ሞሉት። ሁሉም እንደ ሠርጉ ቀን ሰቀሉ፣ ደረደሩ። ባላምባራሱ ጸሐፊያቸውን አስከትለው ገቡና አንዱን ሰፌድ በዱላቸው ጠቆሙ።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ! ከጀርባው እሳት የነካው ቦታ አለ፣ ይገልብጡት!»

ተገለበጠ። እውነትም እሳት ነክቶታል። ገበታውም፣ ትራሱም እንዲሁ፤ እያንዳንዷ የዕቃዋን ምልክት አውቃ ትናገራለች። እኔ በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ! እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎረቤት ለጎረቤቱ ይመሰክራል። ተመካክራችሁ ቢሆንስ? ደግሞ ገማቾቹ ከሁሉ በላይ የጻፉት ስጋጃውን ነው። እሱስ የታለ?»

ያ አላህ... ስጋጃው የለም! ሩቂያን አየኋት። ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። «ባለቤቷ ይዛው እየመጣች ነው» አለች ቀስ ብላ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። አንዲት ነጠላቸውን የተከናነቡ እመቤት፣ ስጋጃውን አሽከር አሸክመው ገቡ።

«እንደምን አደራችሁ! የት ይነጠ...» ብለው ቀና ሲሉ ከባላምባራሱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«አስካለ?!» አሉ ባላምባራሱ።

«ባላምባራስ! እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ለካስ ሚስታቸው ናቸው! ባላምባራሱ በዱላቸው ወደ ስጋጃው ጠቆሙ።

«ይሄ የኔ ስጋጃ አይደለም?»

«የእርስዎ ነው።»

«ለሹም እንግዳ እንጂ እንዳይነጠፍ ብዬ ሣጥን ውስጥ አላስቆለፍኩትም?»

እመት አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ሙሽራ ከሹም ታንሳለች እንዴ?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሩቂያ ናት። ከዚያ ሌላዋ... ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ባላምባራሱ ፂማቸውን እያሻሹ ሊቋቋሙት ሞከሩ፣ ሞከሩ... በመጨረሻ እሳቸውም አመለጣቸው!

ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ጻፍ። ይህ ቤት የተራ ሰው ቤት ነው። ግምቱ ይስተካከል። ስጋጃው ከዚህ ቤት ላይ ይሰረዝ።»

«እሺ ጌታዬ። የማን ቤት ላይ ልጻፈው?» አለ ጸሐፊው።

ባላምባራሱ እንዴት እንዳዩት ብታዩ! ምስኪን፣ ብዕሩ ከእጁ ወደቀ።

አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ዳነች! እልልታው ከጀጎል ውጭ ሳይሰማ አልቀረም። እኔ ማልቀስና መሳቅ ተደባለቀብኝ፣ እመት አስካለ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። እሳቸውም ባላቸው ቀድመው እስኪወጡ ጠበቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሁለተኛዋን ስትድሪ ደግሞ የብር ማንቆርቆሪያውን እልክልሻለሁ» አሉኝ።

ሁለተኛ ልጅ እንኳ የለኝም... ግን የሩቂያ ልጅ ደርሳለች!