የወይራው እጀታ

አባቴ በንዳድ ሲሞት አንዲት ሽጉጥ ትቶ ሞተ፤ እሷም ብትሆን የእኔ አልነበረችም። በሰፈራችን ሕግ የሞተ አርበኛ መሣሪያ የልጁ ውርስ ሳይሆን የጦሩ ነው። ጣሊያን ጎንደር ከገባ ወዲህ መሣሪያ ከሰው በላይ ተወዶ ስለነበር ሕጉን ክፉ ነው አልልም። አባቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን አለቃችን ሰዉን ሰብስበው፣ "ይቺን ሽጉጥ የሚመታባት ሰው ይያዛት" አሉ። "ለኅዳር ሚካኤል ዒላማ እንተክላለን። ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥይት እሰጣለሁ። ያሸነፈ ይወስዳታል።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። "አንተ ቃፊር ነህና እስከ በዓሉ ድረስ ካንተ ዘንድ ትቆይ። ሦስት ጥይት ጎርሳለች። አንዲት ብታጎድል ግን ከውድድሩ ወጥተሃል።"

ለሌላው ሰው ሽጉጥ ናት፣ በቃ። ለእኔ ግን ከአባቴ የቀረኝ እሷ ብቻ ነበረች። እናቴን ሕፃን ሳለሁ አጥቻለሁ፤ ወንድምም እህትም የለኝ። ከማክሰኝት በታች የነበረን ቤት ተቃጥሏል። አባቴ ስንሰደድ በጤፍ ስልቻ ውስጥ ቀብሮ ነው ያወጣት። ጤፉ አልቆ ስልቻው ሲታጠፍ እንኳ እሷን ፈታትቶ መጥረጉን አልተወም ነበር።

መጠበቂያዬ ከሰፈሩ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ከታች ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ እንደ ክር ይታያል። የጣሊያን ማኪና ሲያልፍ እቆጥራለሁ፤ ከሦስት በላይ ከሆነ እርጥብ የአስታ ቅጠል አንድጄ አጨሳለሁ፤ ጭሱን አይተው ሰፈሩ ይነሣል። ሥራዬ ይኸው ነው። ሰው ሳላናግር አምስትም ስድስትም ቀን እቆያለሁ። የገዛ ድምፄን የምሰማው ሲያስለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ይነሣና መንገዱንም፣ የጅብራ ዛፎቹንም፣ የቆምኩበትን ድንጋይም ይውጠዋል። ያን ጊዜ የምጠብቀው ነገር እንኳ አይኖረኝም።

ሽጉጧን ያሰፈሰፉላት ብዙ ነበሩ። ከሁሉም ግን አንድ ጎልማሳ ይፈራ ነበር፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ ከገደል ገደል የሚሻገር፣ በፉከራ አቻ የሌለው ሰው። ውድድሩ ለወጉ ነው እንጂ ሽጉጧ የእሱ ናት ይባል ነበር። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተኳሽ አልነበርኩም። የአባቴ መዳፍ እንደ አካፋ ሰፊ ነው፤ የእኔ ጠባብ። እጀታዋ ወፍራም፣ ያውም ተሰንጥቃ በጠፍር የታሰረች ነበረች። ስይዛት ጣቴ ከቃታው የሚደርሰው በጫፉ ብቻ ነው። ስስበው አፈሙዙ ወደ ግራ ይሸሻል።

ከእኔ ዝቅ ብሎ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ የጦሩን ጠመንጃ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ባለ እጅ ነበሩ። ቤተ እስራኤል ናቸው። የሰፈሩ ጠመንጃ ሁሉ በእሳቸው እጅ ይድናል፣ ጠበል ተረጭቶም ይመለሳል፤ እሳቸው ግን ወደ ሰፈሩ እንዲጠጉ አይፈቀድላቸውም። ዓይናቸው ይበላል ይባላላ። እሳቸውም በበኩላቸው ሕግ ነበራቸው፤ የእኛን እህል አይቀምሱም፣ እኛን አይነኩም፣ ከነኩም ይታጠባሉ። ቅዳሜ መዶሻቸው አይሰማም። እሑድ ግን ለከሰል የሚሆን እንጨት ፍለጋ ወደ እኔ አፋፍ ይወጣሉ። አንቱ እላቸዋለሁ፤ ለዚህም የሰፈሩ ሰው፣ "ባለ እጅን አንቱ የሚል ቃፊር አለን" እያለ ይሥቅብኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጥይቶቹን አውጥቼ ቆቤ ውስጥ አስቀመጥኩና ልምምድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ፎከርኩ። ዘራፍ ብዬ ተነሣሁ፣ ግራና ቀኝ ዘለልኩ፣ የአባቴን ሙያ ዘረዘርኩ፣ መሬቱን ረገጥኩ። ከዚያ ሽጉጧን ዘርግቼ ቃታውን ሳብኩ። ከድንጋዩ ጀርባ ሣቅ ሰማሁ። ሽማግሌው እንጨታቸውን ታቅፈው ቆመዋል።

"ምነው ይሥቃሉ፣ አያ?"

"ሰው በሌለበት ለማን ነው የምትፎክረው? ለዝንጀሮ ነው?"

"ለሚካኤል እየተለማመድኩ ነው።"

"ፉከራውን ነው ተኩሱን?"

"ሁለቱንም። ሳይፎክሩ መተኮስ አለ እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። እኛን ፎክሩ ያለን የለም።" እንጨቱን አወረዱና ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ተቀመጡ። "እስቲ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገው።"

አደረግኩ። ልቤ ይደልቃል፤ ትንፋሼ እንደ ወናፍ ይገባል ይወጣል።

"አየህ? በወናፍ ላይ ተቀምጠህ መርፌ ልታሾል ነው የፈለግኸው" አሉኝ።

ይህን ዛሬ ስጽፈው ቀላል ነገር ይመስላል። ያን ጊዜ ግን በእኛ አገር መሣሪያ ያነሣ ወንድ ሳይፎክር አይተኩስም። ሳይፎክር የተኮሰ ወይ ፈሪ ነው፣ ወይ አባቱ የማይታወቅ ነው። እየዘለለ፣ እየጮኸ፣ ሲያለከልክ ይተኩሳል፤ ይስታል። ሲስት ደግሞ ትንፋሹን አይጠረጥርም። "ባለ እጁ አይቶብኝ ነው" ይላል። ስንት ጥይት እንደዚያ ባከነ።

ሽጉጧን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ከእጅ ወደ እጅ አንቀባበልም ነበርና በመካከላችን ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖርኳትና ወደ ኋላ አልኩ። መጥተው አነሡ፣ ገለበጡ፣ ቃታውን ሞከሩ።

"ከሸጋ ብረት ነው የተሠራችው። እጀታዋ ግን ያንተ አይደለም።"

"የአባቴ ነው።"

"እሱማ። የእጅህን ልክ ስጠኝ።"

እንዴት ብዬ እሰጣቸዋለሁ? መዳፌን ሊነኩ አይችሉ። ገባቸው መሰለኝ ፈገግ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ በእሳት ያለሰለሱት ሰም በቅጠል ጠቅልለው አመጡና ከድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። "ዒላማ ላይ እንደምታነጣጥር ሆነህ ጨብጠው፤ አታጥብቀው፤ ወፍ እንደያዘ ሰው" አሉኝ። ጨበጥኩት። የጣቶቼ ማረፊያ፣ የአውራ ጣቴ ጉብታ፣ ሁሉም ሰሙ ላይ ቀረ። ሰሙንም ሽጉጧንም ይዘው ወረዱ። በሦስተኛው እሑድ ሽጉጧ አዲስ የወይራ እጀታ ለብሳ መጣች። ጨበጥኳት፤ ጣቴ ከቃታው ላይ ሙሉ በሙሉ አረፈ። አሮጌውን እጀታ ከአዲሱ ጎን አኑረውልኝ ነበር። እንደ አጥንት የተሰነጠቀ፣ በአባቴ ላብ የጠቆረ። አንሥቼ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሌላም ነገር ሠርተውላት ነበር። ቃታው ይነክስ የነበረበትን ጥርስ በሞረድ አለስልሰውታል። የኋላው መቺ ብረት ባዶ ሲመታ እንዳይሰበር ቁራጭ ቆዳ ሰጡኝ፤ ያለ ጥይት ስለማመድ ከፊቱ እሰካታለሁ። የፊቷ ማነጣጠሪያ በፀሐይ ያብለጨልጭ ስለነበር፣ "ጥላሸት ቀባት፤ ዓይንህ ወርቅ ሳይሆን ጥቁር ነው የሚፈልገው" አሉኝ።

ልምምዱ ግን የብቻዬ ነበር። ከቆሎዬ አንዲት ሽምብራ እወስድና ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ አቆማታለሁ። እጄን እዘረጋለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ ግማሹን አስወጥቼ ግማሹን እይዛለሁ፣ ቃታውን ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርጌ እስባለሁ። ሽምብራዋ ከወደቀች እጄ ተንቀጥቅጧል ማለት ነው። የወደቀችውን እበላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ጠግቤ እውል ነበር። ጎበዝ እየሆንኩ ስሄድ ምሳዬ አነሰ። ለማን ልንገረው? ለብቻዬ ሣቅኩ፤ የሣቄ ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ ሲመጣ ደነገጥኩ።

እሑድ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ። ዐሥር እርምጃ ርቀን፣ እኔ የእኔን ስንቅ፣ እሳቸው የእሳቸውን እየበላን እናወራለን። ሚስታቸው ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ፣ ጣሊያን ሲገባ በሽሽት መንገድ ላይ እንደሞቱባቸው የሰማሁት በዚያ ጊዜ ነው። እኔም ስለ አባቴ ነገርኳቸው። ከእሑድ እስከ እሑድ ያለውን ቀን መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰዉ ወደ ሜዳው ወጣ። የበሬ የትከሻ አጥንት ከአንድ ጅብራ ግንድ ላይ ተቸነከረ፤ ሠላሳ እርምጃ ተለካ። ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ራቅ ብለው ከአንድ አስታ ሥር፣ እንጨት ለቃሚ መስለው ሸክም ተሸክመው ያያሉ። የምንተኩሰው አራት ነበርን፤ ሁላችንም በዚያችው ሽጉጥ። ሁለቱ ፎከሩ፣ ተኮሱ፣ ሳቱ። ሦስተኛው ያ ጎልማሳ ነበር። ያን ቀን ፉከራው ያምር ነበር፤ እኔንም ጠጉሬን አቆመው። አንደኛው ጥይት ወደ ሰማይ ሄደ፤ ሁለተኛው የአጥንቱን ጫፍ ላጠው፤ ሦስተኛው ግንዱን መታ።

ሽጉጧን ገለባበጣትና፣ "ይቺ እጀታ ለማን ነው የተጠረበችው? ለሙሽራ እጅ ነው?" አለ። ሰዉ ሣቀ።

ተራዬ ሆነ። ቆምኩ። ዝም አልኩ። ትንፋሼን ሰብሰብ አደረግኩ።

"ምነው፣ አባት የለውም እንዴ?" አለ አንዱ።

"ፎክር እንጂ፣ ቃፊር፤ ምላስህንም ለጣሊያን አስረከብክ?" አለ ሌላው።

ያ ጎልማሳም በዜማ አወረደው፦

"እንዲህ ያለ ተኳሽ ከየት ነው የመጣ፣
ሽጉጡ ሲያወራ ቃል ካፉ ያልወጣ።"

ሣቁ ጋብ እስኪል ጠበቅሁ። ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። አጥንቱ መሐሉ ላይ ተበሳ። ሁለተኛው ከእሱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ገባ። በሦስተኛው ደስታ እጄን ያዘኝና ሳትኩ። ግን አሸንፌ ነበር።

እልል ያለ የለም። የሚያቅፈኝም አልመጣ። ሰው ሳይፎክር ሲመታ አይተው አያውቁማ፤ ምን እንደሚሉት አላወቁም። ከዚያ ጎልማሳው፣ "ሳይፎክር የመታው እጁ የእሱ ስላልሆነ ነው። እጀታው አዲስ ነው። ባለ እጁ አስነክቶበታል" አለ። ጉርምርምታው ተነሣ።

አለቃችን እጃቸውን አነሡ። "ሽጉጧን ማን ነካት? ባለ እጁ ነክቷት ከሆነ ውድድሩ ፈርሷል፤ ጠበል ተረጭታ እንደገና ይተኮሳል፤ እሱም ከዚህ አገር ይነሣል። ተናገር፤ እጀታውን ማን ሠራው?"

"እኔ ነኝ የጠረብኩት።"

"በሚካኤል?"

"በሚካኤል።"

ሽጉጧን ሰጡኝ።

ለእሳቸው ብዬ ነው የዋሸሁት እያልኩ ብዙ ዘመን ለራሴ ተናግሬያለሁ። ደግሞም ሐሰት አይደለም፤ ያባርሯቸው ነበር። ነገር ግን ያን ቃል ስናገር በዓይኔ የነበረችው ሽጉጧ እንጂ እሳቸው አልነበሩም። ቀና ብዬ ወደ አስታው ሳይ ሸክማቸውን አስተካክለው ቁልቁል እየወረዱ ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል።

በማግስቱ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ወናፋቸውን እየረገጡ ነበር፤ አላቋረጡም።

"አያ፣ ትናንት..."

"እጀታው ተመቸህ?"

"ተመችቶኛል።"

"ወይራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቅቤ ቀባው።"

"አያ፣ ሊያባርሩዎት ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ" አሉ። ብረቱን ከእሳቱ አውጥተው አዩት፤ ገና አልጋመም፤ መለሱት። "አንተን ክፉ አልልህም። ብቻ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ እጀታ ሠርቼ አላውቅም ነበር።"

ከዚያ በኋላ ለእንጨት በሌላው ተረተር መውጣት ጀመሩ። እሑድ ሲሆን ድንጋዩ ዘንድ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። የመዶሻቸው ድምፅ ከታች ይሰማኛል፤ አንዳንዴ እሱን እየሰማሁ ስንቄን እበላለሁ። በክረምቱ መግቢያ ድምፁ ቀረ። ስወርድ ወናፉም፣ መስፉም የለም። ማንም አላባረራቸው፤ ራሳቸው ነው የሄዱት። እኔ በዚያ አፋፍ ላይ ሌላ ክረምት ቆየሁ።

ጣሊያን ተሸንፎ ጎንደር ስንገባ፣ ሌላው ወደ ዘመዱ ሲሄድ፣ እኔ የቤተ እስራኤል መንደሮችን መዞር ያዝኩ። "አንድ ሽማግሌ ባለ እጅ፣ ጠመንጃ የሚጠግኑ፣ ሚስታቸው ሸክላ ሠሪ የነበሩ" እላለሁ።

"እዚህ ወንዱ ሁሉ ባለ እጅ ነው፣ ሴቱ ሁሉ ሸክላ ሠሪ" አሉኝ በአንዱ መንደር። "ስማቸው ማን ነው?"

ያን ሁሉ እሑድ አያ እያልኩ ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። ሽጉጧን አውጥቼ የወይራ እጀታዋን አሳየኋቸው። አንድ አንጥረኛ በዓይኑ ብቻ አገላብጦ አየው፤ አልነካውም።

"ጥሩ እጅ ነው" አለኝ። "ማን እንደሆነ ግን እንጃ።"