«ያለችበት አይታወቅም» የተባልኩበት ክስ

በደሌን ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ተቀምጬ፣ ለመጣ ሁሉ በሬን እየከፈትኩ፣ የመንግሥት መዝገብ ላይ «ያለችበት አይታወቅም» ተብሎ ተጻፈብኝ። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። የጻፈው ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ቤቴን አላንኳኳም።

ይህን ያስታወሰኝ ያለፈው እሑድ ነው። እዚህ ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ከጸሎት ወጥተን ሳምቡሳ እየበላን ስንጫወት፣ አንዲት አዲስ ሙሽራ ከባሏ እህት ጋር ተጣልታ ፖሊስ እንደከሰሳት አወራች። «አሁን ግን ታርቀናል፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው፣ አልሄድም» ስትል ሳምቡሳዬን አስቀመጥኩ።

«ትሄጃለሽ! በእግርሽ ካልሄድሽ አዝዬሽ እሄዳለሁ!» አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

በወጣትነቴ የሆነ ነገር ነው ብል ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ያኔ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሊፍቱ ሲበላሽ ዘጠኝ ፎቅ ሳላርፍ የምወጣበት ዘመን ስለነበር ለእኔ ወጣትነት ነው። ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ቤቶች በአንዱ ነበር የምንኖረው። በየፎቁ አንድ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ፤ ተራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ማክሰኞ ጠዋት የኔ ነው። የተጻፈ ተራ ደግሞ ለእኔ ቀልድ አይደለም።

ጥሩነሽ ከእኔ ሦስት በር አልፋ የምትኖር፣ ሰንሻይን ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምታሽግ፣ ከራሷ በፊት ድምጿ የሚደርስ ሴት ነበረች። አንድ ማክሰኞ ያስገባሁትን ላወጣ ስመለስ እርጥብ አንሶላዎቼ ወለል ላይ ተከምረዋል፤ በማሽኑ ውስጥ የሷ የሥራ ልብስ ይሽከረከራል።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አልኳት።

«ሺፍት አለብኝ፣ የሺ። አንቺ ቀኑን ሙሉ ቤት ነሽ።»

«ተራ ተራ ነው!»

«እንግዲያው ተራሽን ቀቅለሽ ብዪው!»

ከገበያ ይዛው የመጣችው ባለ ጎማ ቦርሳ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። በእግሬ መታሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሆን ብዬ ነው የመታሁት። ደረጃውን እየዘለለ ወረደ፤ ሽንኩርቱ ከፊት፣ እንቁላሉ ከኋላ። አዲስ ስልኳም እዚያው ውስጥ ነበር። ጩኸቱን የሰማ ሰው ደወለ፣ ፖሊስ መጣ፣ ንብረት በማበላሸት ተከሰስኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቀጠሮ ወረቀት ሰጡኝና ፈረምኩ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ጋሼ ታምሩ የሚባሉ ሽማግሌ ቤታቸው ጠሩን። ነገር ማስረዘም አይወዱም።

«የሺ፣ ቦርሳዋን መታሽ?»

«መታሁ።»

«ጥሩነሽ፣ ተራዋን ነጠቅሽ?»

«ነጠቅኳት።»

«እንግዲህ ሁለታችሁም አጥፍታችኋል። ተነሱና ተቃቀፉ፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

ስልኩን ቀድሜ ተክቼላት ነበር። ጎመን በሥጋ ቀረበ። ጥሩነሽ አፌን ሞልታ ስላጎረሰችኝ የጀመርኩትን ይቅርታ እንኳ አልጨረስኩትም። ስንወጣ «የፍርድ ቤቱስ ወረቀት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተበዳይዋ ይቅር ብላ ምን ክስ አለ?» አሉኝ።

እውነት መሰለኝ። እኛ ባደግንበት ሰፈር ሽማግሌ ያስታረቀውን ነገር ተመልሶ የሚያነሳ ሰው ነውረኛ ነው። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ፍርድ ቤት ስሜ በተጠራበት ሰዓት እኔና ከሳሼ ናት የተባለችው ጥሩነሽ ሰንሻይን ዶሮ እየመረጥን ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። ጥሩነሽ ቤት ቀይራ ሰንሻይን ገባች፤ እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ለትንንሾቹ ልጆች መዝሙር ማስተማር ጀመርኩ። ከዚያ ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሁሉ የፈቃድ ካርድ ያስፈልጋል ተባለና ልጄ ሊዲያ በስሜ አፕላይ አደረገች። የመጣው መልስ ካርድ ሳይሆን «ያላለቀ ክስ አለብዎት» የሚል ደብዳቤ ነበር። ሊዲያ ፍርድ ቤት ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ተለውጧል።

«እማዬ፣ ዋራንት አለብሽ። ሳትቀርቢ ስለቀረሽ ተይዛ ትምጣ ብለው አዝዘዋል። ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ!»

እስሩን ያን ያህል አልፈራሁም። የጨነቀኝ የልጆቹ ነገር ነው። «አስተማሪያችን ወንጀለኛ ናት» ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም ነበር። ካርዱ ከቀረ ክፍሉም ይቀራል። ሌሊቱን ነጠላ ጫማ፣ ወፍራም ሹራብና መጽሐፍ ቅዱስ በቦርሳ አዘጋጀሁ፤ ቢያስሩኝ እንኳ እግሬን እንዳይበርደኝ።

ጥሩነሽ ሰምታ በጠዋት ደወለች። «እኔን ሳይጠይቁ አንቺን ማን ነው የሚያስረው? ሺፍቴን ካንስል አድርጌያለሁ፤ ጠብቂኝ!»

የሐምሌ ነፋስ ፊት ይልጣል። የሜልቦርን ክረምት ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። እጄን ልሰጥ ሦስታችን በእግር ወደ መሃል ከተማ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ወረድን። መግቢያው ላይ ጠባቂው የጥሩነሽን ቦርሳ ከፍቶ በፎይል የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ችኮ ነበር። «ለእስረኛ ነው» አለችው። ሊዲያ በሀፍረት ጣራ ጣራውን አየች። ሰውየው አሽትቶ ፈገግ አለና አሳለፈን።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ስሜን ፈልጋ አገኘችውና ያለ ክፍያ ወደምታግዝ ጠበቃ መራችን። ጠበቃዋ ጠቃጠቆ ያለባት፣ ፈጣን ልጅ ናት። መዝገቡን ስታነብ ነው ያ ቃል የወጣው፤ ያለችበት አይታወቅም።

«እንዴት አይታወቅም? ዘጠኝ ፎቅ ሰው ያውቀኛል! ሊፍት የሚጠግነው እንኳ በስሜ ነው የሚጠራኝ!» አልኩ። ሊዲያ ተረጎመች፣ ጩኸቱን ቀንሳ።

ጠበቃዋ እንዳልቆጣ ለመነችኝ። ሳልጨቃጨቅ ይቅርታ ከጠየቅሁ ትዕዛዙ ዛሬውኑ ይነሳል አለች።

«ላጠፋሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሳልጠፋ ጠፋች ለተባልኩት ግን አልጠይቅም» አልኳት።

አንድ ፖሊስ መጥቶ ትዕዛዙን አነበበልኝ፣ በወረቀት አሰረኝ፣ በሌላ ወረቀት ፈታኝ። አንድ ወንበር ላይ ታስሬ እዚያው ወንበር ላይ ተፈታሁ፤ ጥሩነሽ ገና ችኮውን እየቆረሰች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ ፊት ቆምኩ። ሽበት ያላት፣ በእርጋታ የምትናገር ሴት ነበረች። ከጎኔ ክራባት ያሰረ አስተርጓሚ ቆመ።

«በቀጠሮው ቀን ለምን አልቀረቡም?»

«ታርቀን ነበር፣ ክብርት ዳኛ።»

«ከማን ጋር?»

ከኋላ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። «ከኔ ጋር!» አለች ጥሩነሽ። «ስልኬን ተክታለች። ጥፋቱም የሁለታችን ነው። ተራዋን ነጥቄያት ነው!»

ዳኛዋ ከመነጽሯ በላይ አየቻት። ልታስወጣት ነው ብዬ ነበር፤ ግን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። እዚህ አገር ክሱን የሚያቀርበው ፖሊስ ስለሆነ ተበዳይ ይቅር ብትልም ክሱ አይቆምም፤ ቀርቦ መናገር ያስፈልጋል። ይህን የነገረኝ ሰው እንደነበር ጠየቀችኝ። ማንም እንዳልነገረኝ መለስኩ። ክሱን የያዘው ፖሊስም ተስማማ፤ ዳኛዋም የይቅርታ ደብዳቤ ከጻፍኩ ጥፋተኛ ሳልባል ነገሩ እንዲዘጋ አዘዘች።

«ደብዳቤ?» አለች ጥሩነሽ። «በየቀኑ እየደወለች ታደርቀኛለች፤ ደግሞ ደብዳቤ!»

አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመው። በዚህ ጊዜ ዳኛዋ ሳቋን አልደበቀችም።

ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይወጣ ነበር። ሊዲያ እጄን ሳበችኝ፤ እኔ ግን አልተነቃነቅሁም። ዛሬ ሳስበው የገረመኝ ድፍረቴ አይደለም። አራት ክፍል ብቻ የተማርኩ ሴት ስናገር ያቺ ትልቅ ሴት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው መስማቷ ነው። ሰው ፍትሕ አገኘሁ የሚለው እንደዚያ ሲደመጥ ይመስለኛል። ልጆቹን እስከ ዛሬ አስተምራለሁ፤ ካርዱም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አልኳት። «ያለችበት አይታወቅም የተባለው ውሸት ነው። እኔ ከሞትኩም በኋላ እዚያ መዝገብ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አንስታ ረጅም ጻፈች። ከዚያ የጻፈችውን ቀስ ብላ አነበበች፤ አስተርጓሚውም ቃል በቃል እንዲህ አለኝ፦

«ወይዘሮ የሺ ጠፍተው አያውቁም። ታርቀው ቤታቸው ተቀምጠው ነበር፤ የፈለጋቸው ሰው አልነበረም።»